አራት ሳምንት ይፈልጋል

ሐምሌ 21 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይህን ደብተር ያስጀመረኝ ጥርሴ ነው። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ሃይማኖት፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባዮሎጂ ያስተማርኳት ልጅ፣ መቼ መቼ እንደሚያመኝ እየጻፍኩ እንዳመጣላት አዘዘችኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቤት ሥራ ስሰጥ ኖሬ አሁን ተራው የእኔ ሆነ።

ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ቀዝቃዛው ውኃ የግራውን የላይኛውን ነካው፤ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ረፋድ ላይ መናኸሪያው ጋ ለአንድ ወላጅ ሰላምታ ልሰጥ አፌን ስከፍት ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ገባበት። ከሰዓት በኋላ ስኳር የበዛበት ሻይ፤ እንደገና። እንደ መርፌ ይወጋል፣ አራት እስክቆጥር ይቆያል፣ ይጠፋል። ሳይነኩት በራሱ አይነሣም። ለሃይማኖት ይህ ይበቃታል።

ሐምሌ 24

ጠዋት ውኃ፣ ሁለት ጊዜ። ምሳ ላይ ሎሚ።

አቶ ዱባለ መጡ። የአባቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ ከገሱባ እስከ ሶዶ በዘመዳችን መካከል የተጣላ ሰው ካለ እሳቸው ሳይሰሙ አያድርም። ወንድሜ ወልደመስቀል ታሟል አሉኝ። ሆዱና እግሩ እያበጠ፣ ፊቱ ግን እየከሳ ነው። ለጊፋታ እንድንታረቅ ይፈልጋል። መስከረም አጋማሽ ላይ ዘመናችን ሲለወጥ ቂሙን ተሸክሞ የሚሻገር ሰው በእኛ ዘንድ እንደማይወደድ አውቃለሁ፤ ለእኔ መንገር አያስፈልግም ነበር።

እንዴት እንደተጣላን ልጻፈው፤ ደብተሩ የእኔ ነው። እናታችን ያረፈችው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ሳልደርስ ዓርብ ዕለት ቀበራት። ከአንድ ማኅፀን የወጣን ነን፤ አንድ ቀን መጠበቅ አቃተው። ቅዳሜ ስደርስ አፈሩ ላይ ዝናብ ዘንቦበት ነበር። ሰው እናቱን የሚቀብረው አንድ ጊዜ ነው፤ ያንን አንድ ጊዜ ወሰደብኝ። መልእክቱ ዘግይቶ ደረሰኝ፣ መንገዱም ጭቃ ነበር። ዓርብ ጠዋት ደግሞ ምክትል ርእሰ መምህር የሚመረጥበት ስብሰባ ነበረብኝ፤ እሱ ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ይህንኑ ለአቶ ዱባለ ሳስረዳ ባለቤቴ አሳየሽ ከጓዳ ሆና መልእክቱ የመጣው ሐሙስ ቀትር ላይ ነው አለች። አሳየሽ ቀን ማምታታት ልማዷ ነው።

ሐምሌ 28

የጻፍኩትን ለሃይማኖት አነበብኩላት፤ የጥርሱን ብቻ። ቅዝቃዜው ሲሄድ ሕመሙም አብሮ ይሄዳል ወይ አለችኝ። ይሄዳል። ከእንቅልፍ ይቀሰቅስዎታል? አይቀሰቅሰኝም። እንግዲያው የተበላ ጥርስ ላይሆን ይችላል፣ ለማንኛውም ሐኪም ይየው፤ በራሱ የሚጠዘጥዝ ወይም የሚያብጥ ከሆነ ሳሙና አይመልሰውም አለች። ከዚያ ቅዝቃዜ ለሚያመው ጥርስ የተሠራ የጥርስ ሳሙና ከመደርደሪያው አወረደችልኝ።

ነገሩን እንዲህ አስረዳችኝ። ድድ ሲሸሽ የጥርሱ ሥር ይገለጣል። ሥሩ ላይ እንደ አናቱ ጠንካራ ልባስ የለም፤ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፣ ቀዳዳዎቹም ወደ ነርቩ ያመራሉ። ቅዝቃዜ ሲነካቸው በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ይንቀሳቀሳል፣ ነርቩ ይጮሃል። አንዳንዱ ሳሙና ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ይኼኛው ፖታሲየም አለበት፤ ቀስ እያለ ነርቩን ያረጋጋዋል።

‹‹ቀዳዳውም ቅዝቃዜውም እንዳለ ነው ቲቸር፤ ዝም የሚለው ነርቩ ነው። ጠዋትና ማታ፣ ሳያቋርጡ። አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ አንዳንዴ ከዚያ በፊትም ይሻላል።››

እንዲህ አድርጋ ስታስረዳ ያስተማርኳት እኔ ብሆን ብዬ ተመኘሁ። የጥርስን ትምህርት በዚያ ዓመት ጊዜ አጥሮኝ ዘልዬዋለሁ።

ሐምሌ 29

ቦረሽኩ። አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። ቀዝቃዛ ውኃ ጠጣሁ። እንባዬ መጣ።

አራት ሳምንት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ነሐሴ 3

በገሱባ መኪና አንድ እስር የወይራ መፋቂያ ተላከልኝ። ከማን እንደሆነ ሹፌሩ መናገር አላስፈለገውም። ጋሼ ወልደመስቀል ሶዶ ከገባሁ ጀምሮ በየገበያው ቀን ይልክልኝ ነበር፤ እየቆረጠ፣ አንጓውን በቢላ እየላገ። ከእናታችን ሞት ወዲህ ቆሞ ነበር።

መልሼ ልልክለት አሰብኩ፤ መኪናው ግን ሄዷል። እንጨቱ ምን በደለ። ሳሙናው አፍ ውስጥ የሚያዳልጥ ነገር ይተዋል፤ በመፋቂያ ካልፈገፈጉት የጸዳ አይመስልም። ስለዚህ እየተጠቀምኩበት ነው፤ ለእሱ ብዬ አይደለም።

ነሐሴ 9

ሆስፒታል ሄድኩ። የጥርስ ባለሙያው በትንሽ መስተዋት አየልኝ። የተበላ ጥርስ የለም፣ ድዱ ግን ሸሽቷል፣ በኃይል እየፈገፈጉት ነው አለኝ። የገዛሁትን ሳሙና አሳየሁት፤ ጥሩ ነው፣ ይቀጥሉ አለ።

ስወጣ በሩ ላይ ዓመለወርቅን አየኋት፣ የጋሼን ሚስት። ምግብ የያዘ ፌስታል አንጠልጥላ፣ ነጠላዋ ጭቃ ነክቶት፣ እንዲያስገቧት ጥበቃውን ትለምናለች። ጋሼ እዚህ ተኝቷል ማለት ነው። እሷ አላየችኝም። ነፋሱ ጥርሴን እንዳይመታው አፌን በፎጣ ሸፍኜ ነበርና ብታየኝም አትለየኝም። ልጠራት ነበር። ግን ባለሙያው ጥርሴን ሲነካካው ስለቆየ መናገር ከብዶኝ ነበር።

ነሐሴ 10

አልሄድኩም። ዝናብ ነበር።

ነሐሴ 13

ከሆስፒታል ወጣ አሉ። ከሆዱ ውኃ ቀዱለት። ስምንት ቀን ተኝቶ ነበር፤ ከቤቴ እስከዚያ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ና ብሎ የላከብኝ ግን የለም። ሳይጠራ የሚሄድ ሰው ሊጠይቅ ሄደ ወይስ መጎዳቱን ሊያይ ሄደ ይባላል። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳሳምን አሳየሽ ለካ ሁለት ጊዜ ሄዳ ጠይቃዋለች። ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት። አልጠየቅኸኝም አለች።

ጠዋት ውኃ፤ ያው ነው።

ነሐሴ 15

ዛሬ ሃይማኖት ተቆጣችኝ፤ በትሕትና ነው የምትቆጣው። ሁለት ሳምንት ተኩል ሆነኝ፣ ሳሙናሽ ለውጥ የለውም አልኳት። እንዴት እንደምጠቀምበት እንድነግራት ጠየቀችኝ። ነገርኳት፦ በብሩሽ እቦርሻለሁ፣ በአንድ ጣሳ ሙሉ ውኃ እጉመጠመጣለሁ፣ ከዚያ በመፋቂያ ደኅና አድርጌ እፈገፍጋለሁ፣ በመጨረሻ ሽታው እንዲጠፋ ሎሚ እመጥጣለሁ።

ልጅቷ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። መድኃኒቱን በራሴ እጅ ሳጥበውና ስፍቀው ከርሜያለሁ። ቁስሉንም አብሬ ስፍቅ። ቦርሾ አረፋውን መትፋትና እዚያው መተው ነው እንጂ በጣሳ መታጠብ የለም። ብሩሹ ለስላሳ ይሁን፣ እጅዎ አይክበድ፣ መፋቂያውን ለጊዜው ያስቀምጡት፣ ሎሚውን ይርሱት አለችኝ። ከጎኔ የቆሙ አንዲት እናት መፋቂያ ከመቼ ወዲህ ነው ጥርስ የሚጎዳ ብለው ገላመጧት። እሷም መፋቂያው ምንም አላደረገም፣ የቲቸር እጅ ነው አለቻቸው።

እናቴ ቤት እጁን ታጥቦ አፉን ያልተጉመጠመጠ ሰው እንደ ከብት ነበር የሚቆጠረው። በዚያ ያደገ ሰው አረፋ ተፍቶ እንዲተወው ማን ይነግረዋል? ለማንኛውም አራቱ ሳምንት ከዛሬ ጀምሮ ይቆጠራል። መስከረም 8 ይሞላል።

ነሐሴ 19

አፍን አለመጉመጥመጥ ከባድ ነው። መፋቂያውን ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት። ጠዋት ውኃ፣ አራት እስክቆጥር።

ነሐሴ 27

አቶ ዱባለ እንደገና መጡ። ዘንድሮ በሬው ጋሼ ግቢ ይታረዳል፤ እርቁም እዚያው ይሆናል ብለዋል።

በእኛ ቤት እርቅ በቃል ብቻ አያልቅም። ሽማግሌው ከጊፋታው ሥጋ አንድ ረጅም ቁርጥ ያነሣል፣ ዳጣ ያስነካዋል፣ ለታላቁ ይሰጠዋል። ታላቁ በጥርሱ ነክሶ ይቆርጣል፤ የቀረውን ታናሹ በጥርሱ ነክሶ ይቆርጣል። ቢላ አይገባበትም። ከዚያ ከአንድ ዋንጫ ጠላ ይጠጣሉ። ነክሶ የዋጠ ይቅር ብሏል። ያልነከሰ ያው ከነቂሙ ነው፤ ምንም ያህል ቢናገር የሚሰማው የለም።

ጥርሴን ነገርኳቸው። ሕክምና ላይ ነኝ አልኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አሉኝ፤ ፍልሰታን ስጾም መክረሜን ሰምተዋል። ተናደድኩ። ሳሙናውን አምጥቼ አሳየኋቸው፤ አገላብጠው አይተው መለሱልኝ።

‹‹ደገፉ፣ ሰውዬው ብዙ ቀን የላትም። ያንተ ሳሙና ቢዘገይ እሱ ትቀድማለች›› አሉ።

የአቶ ዱባለ አማርኛ ወንዱን ሴት ያደርጋል። ሌላ ጊዜ እስቅ ነበር።

ጳጉሜን 3

ጠዋት ውኃ፣ ሁለት እስክቆጥር ብቻ። መንገድ ላይ ነፋስ ገባበት፤ ነካ አደረገኝና ተወኝ። ልጅቷ እውነቷን ነው። ዝም እያለ ነው።

መስከረም 1 ቀን 2003 ዓ.ም.

ዓመለወርቅ ደውላ ነበር፤ ስልኩን ያነሣችው አሳየሽ ናት። ጋሼ እንኳን አደረሳችሁ ብሏል፤ ጥርሱ እንዴት ሆነ ብሎም ጠይቋል። አቶ ዱባለ ወሬ አያሳድሩም።

ምን እንደመለሰችለት አሳየሽን ጠየቅኋት። በደንብ እየቦረሸ ነው አልኩት አለች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አላነጋገረችኝም፤ ዓመት በዓል ድካም አለው።

ለሃይማኖት፦ ሻይ በስኳር፤ ጥቂት።

መስከረም 8

ለሃይማኖት የሚጻፍ የለም።

ምሳ ስንበላ አሳየሽ ከእንስራው ውኃ ቀድታ ሰጠችኝ። ብርጭቆውን ሳስቀምጥ ባንድ ትንፋሽ ጨረስከው እኮ አለችኝ። አላስተዋልኩም ነበር። ለብ ያለ ነው አልኳት። የእንስራ ውኃ፣ በዚህ ብርድ። አየችኝና ሳህኖቹን ሰብስባ ሄደች።

አንድ ቀን ማስረጃ አይሆንም። ማንኛውም ሙከራ መደገም አለበት።

መስከረም 11

ትምህርት ተጀመረ። ስድሳ ስምንት ተማሪ በአንድ ክፍል። በዕረፍት ሰዓት መምህራን ቀዝቃዛ ለስላሳ ጋበዙኝ፤ ጠጣሁ። ስለ ጥርስ ለመጻፍ ጊዜ የለኝም።

መስከረም 13

በመድኃኒት ቤቱ በኩል ሳልፍ ሃይማኖት ወጥታ እንዴት ሆነልዎት አለችኝ። እንዳለ ነው አልኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኳት አላውቅም። ልጅቷ ተጨነቀች። ሌላ ጥርስ እንዳይሆን ድጋሚ ይታዩ፣ እኔ ራሴ እወስድዎታለሁ አለችኝ። አሳዘነችኝ። ከእንግዲህ በዚያ በኩል አልሄድም፤ በታችኛው መንገድም ትምህርት ቤት ይደረሳል።

መስከረም 17

ትናንት ጊፋታ ነበር። ለራሴም እንዲገባኝ በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

ረፋድ ላይ ከአሳየሽ ጋር ገሱባ ደረስን፤ ከዚያ በእግር ወደ አባታችን ግቢ። ጋሼ ደጅ ላይ በወንበር ተቀምጦ ነበር። ሊነሣልኝ ሞከረ፤ ሁለት ሰዎች መልሰው አስቀመጡት። ሱሪው ሆዱ ላይ አልዘጋ ብሎ በገመድ ታስሯል። ክንዱ እንደ ልጅ ክንድ ቀጥኗል። ‹‹ዮ ዮ ጊፋታ›› አለኝ። መለስኩለት። ዓይኖቹ ቢጫ ሆነዋል፤ እነሱን ላለማየት በሬው የታረደበትን ቦታ ሳይ ቆየሁ።

ሽማግሌዎቹ ተናገር አሉኝ። ተናገርኩ። ሳልደርስ ቀበርካት፣ አንድ ቀን አልጠበቅኸኝም፣ እንደ እንግዳ አፈር አየሁ አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ሴቶቹ ከጓሮ መጥተው ቆሙ። ከዚያ እሱን ጠየቁት። ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። መጠበቅ ነበረብኝ፣ ይቅር በለኝ አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ሐሙስ አላለም። መልእክተኛውን የላከው እሱ ነው፣ በስንት ሰዓት እንደደረሰኝም ያውቃል። ሐሙስ ቢል ኖሮ እመልስለት ነበር፣ እንጨቃጨቅ ነበር፣ ምናልባት ይወጣልኝ ነበር። በሰው ሁሉ ፊት ጥፋቱን ብቻውን ተሸከመና እኔን ባዶ እጄን አስቀረኝ። ያኔ የተሰማኝን ንዴት በሕይወቴ ተሰምቶኝ አያውቅም።

አቶ ዱባለ ቁርጡን አነሡ። ጋሼ ምግብ ካየ የሚያቅለሸልሸው ሰው ነው፤ ዓመለወርቅ ፊቷን አዞረች። ነከሰ። ብዙ ጊዜ አላመጠ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ፣ ዋጠ፣ ቀሪውን በገዛ እጁ ዘረጋልኝ። ተቀበልኩት። ወደ አፌ አስጠጋሁት። ከዚያ ግራ ጉንጬን ያዝኩና ጥርሴ አልኩ።

አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ ነጠላውን አራገፈ፤ ሊሄድ ነው። ያስቆመው ጋሼ ነው።

‹‹ተዉት፣ ቂም አይደለም፣ ጥርሱ ነው›› አለ። ወደ እኔ ዞረ። ‹‹ታ ኢሻ፣ መድኃኒቱ ስንት ጊዜ ይፈልጋል?››

ወንድሜ ሲል ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠራኝ።

‹‹አራት ሳምንት ይፈልጋል›› አልኩ።

‹‹እጠብቃለሁ።››

ለጥቅምት 14 ተቀጠረ። ቁርጡን ለአቶ ዱባለ መለስኩላቸው፤ ለውሻ ሰጡት። ስንመለስ አሳየሽ መኪናው ውስጥ አጠገቤ አልተቀመጠችም። ጥርስ ያመመው ሰው ሕመሙን የሚያውቀው ራሱ ነው። ሌላ ሰው ሊመሰክርበት አይችልም።

መስከረም 26

ዓመለወርቅ ደወለች። ጋሼ ስንት ሳምንት ቀረው እያለ ይጠይቃል። አሳየሽ ስልኩን ለእኔ ዘረጋችልኝ። ሁለት ሳምንት ከግማሽ አልኩ።

ጥቅምት 2

ከእሑድ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ቅዳሜ ልሄድ አሰብኩ። ተሽሎኛል ብዬ ብገባስ? አንድ ቁራሽ ሥጋ ነው፣ ከሥጋ ቤት ይዤ እሄዳለሁ፣ ሽማግሌ ባይኖርም ሁለታችን እንበቃለን።

ግን ቀኑ ጥቅምት 14 ነው። ቀድሜ ብገኝ ለካ ድሮም ተሽሎት ነበር ይላሉ። አሥራ ሁለት ቀን ምን አላት። ሰው ከዚያም በላይ ይቆያል።

ጥቅምት 5

አረፈ። ንጋት ላይ። መኪና እየፈለግሁ ነው።

ጥቅምት 9

ዓርብ ወደ ገሱባ የሚሄድ መኪና አጣሁ። ለቀብሩ እንደማልደርስ ታወቀኝ፤ ንጋት ላይ ያረፈ ሰው ከሰዓት በኋላ ይቀበራል። መናኸሪያው ውስጥ ተቀምጬ ይኼኔ ተቆፍሯል፣ ይኼኔ ወርዷል እያልኩ ሰዓት ስቆጥር ዋልኩ። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ከአሳየሽ ጋር በጭነት መኪና ተሳፈርን፤ ድልድዩን አልፈን ጭቃ ውስጥ ገባን። በአሥር ሰዓት ግቢው ስደርስ ሰዉ ሁሉ ቆሞ ነበር። አስከሬኑ ቤት ውስጥ ነው። አልቀበሩትም። ቄሱ ሲያጉረመርሙ፣ የሩቅ መንገደኛው ሲያመሽ፣ ከዓርብ እስከ ቅዳሜ አቆይተውታል።

አቶ ዱባለ ክንዴን ይዘው አስገቡኝ። ደገፉ ሳይደርስ እንዳትቀብሩኝ ብሎ አስምሎናል አሉኝ።

ቀበርነው። አፈሩን በእጄ መለስኩ። አለቀስኩ፤ ሰው እንዲያይልኝ አልነበረም፣ ሰው ግን አየና ከንፈሩን መጠጠልኝ። ይሄ እንዴት ያለ ወንድም ነው ሲሉ ሰማሁ። ስለ እኔ ነው።

እውነቱን እዚህ እጽፋለሁ፣ ሌላ የምጽፍበት ቦታ የለኝም። ጥርሴ ከመስከረም 8 ጀምሮ አሞኝ አያውቅም። ቁርጡን ይዤ በተቀመጥኩበት ሰዓት ምንም አልነበረብኝም። ሐሙስ ቀትር ላይ መልእክቱ እንደደረሰኝ፣ ስብሰባውን መርጬ እንደቀረሁ ያወቀ ሰው ጥፋቱን ለራሱ ወስዶ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ያንን መዋጥ አቃተኝ። መመረጡንስ መቼ ተመረጥኩ።

ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ ውስጥ ውኃ አዞሩ። አንዲት ጎረቤት ከማድጋ ቀድታ ሰጠችኝ፤ ጣሳው ከውጭ አልቦት ነበር። ልጠጣ ስል ዓመለወርቅ ከፍራሹ ላይ ሆና እጇን አነሣች። ድምጿ በለቅሶ ተዘግቷል።

‹‹ለእሱ ቀዝቃዛ አትስጡት። ጥርሱን ያመዋል፤ ባለቤቴ አደራ ብሎኛል። አሙቁለት።››

ሴትየዋ ጣሳውን ከእጄ ወስዳ ሄደች። ወደ ዓመለወርቅ ዞሬ እቴቴ፣ ተሽሎኛል ለማለት አፌን ከፈትኩ። ከመቼ ጀምሮ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ድንኳን ሙሉ ሰው እኔን ያያል። ውኃው ሞቆ መጣ። በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ፣ ጠጣሁት።